ባስታይን ዞሮ መመለስ፦ ከራተን ራተን በግማሽ ቀን

ድሬስደን፣ ላይፕዚግ ወይም በርሊን የምትኖሩና ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር "ዛሬስ የት ልውሰዳቸው?" የሚል ጭንቀት የሚይዛችሁ ካላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ከድሬስደን በባቡር ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ብትሄዱ፣ ኤልበ ወንዝ ዳር፣ እንደ ግንብ ቀጥ ያሉ የአሸዋ ድንጋይ ቋጥኞች ከጫካ መሀል ብቅ ብቅ ያሉበት አገር ትደርሳላችሁ። ሳክሰን ስዊዘርላንድ ይባላል። ባስታይ ከቋጥኞቹ መሀል ዝነኛው መመልከቻ ነው፣ የድንጋይ ድልድይም አለው፤ ራተን ደግሞ ከሥሩ ወንዙ ዳር ያለው መንደር ነው። ከስዊዘርላንድ ጋር ግን ድንበርም አይጋራ። በ1766 (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ድሬስደን ለማስተማር የመጡ ሁለት ስዊዘርላንዳውያን ሠዓሊዎች፣ አድሪያን ዚንግ እና አንቶን ግራፍ፣ ቦታውን ሲያዩ አገራቸው ትዝ አላቸውና ስሙ በዚያው ቀረ ይባላል።

እኔን ትዝ ያለኝ ገርዓልታ ነው። እሱም የአሸዋ ድንጋይ ነው። ያኛው ቀይና ደረቅ ሲሆን ይሄኛው ግራጫ፣ እርጥብና ጫካ የዋጠው ነው። እዚያ ድንጋዩን ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ሠሩበት፤ እዚህ አናቱ ላይ ምሽግ ሠሩበት።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በበጋ፣ እሁድ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ያውም በመኪና ነው። ላይኛው መኪና ማቆሚያ ጋ ተሰልፈን ቆየን፣ ከዚያ ድልድዩ ላይ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋን ሁለት ፎቶ አነሳን፣ ቋሊማ በላን፣ በመጣንበት ተመለስን። "ባስታይን አየሁ" ብዬ ዓመት ሙሉ ሳወራ ከረምኩ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ድሬስደን የቀሩ አንድ ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ሳቁብኝ። "አንተ ያየኸው በሩን ነው" አሉኝ። "በጠዋት ከወንዙ ተነስ፣ ባስታይን መጀመሪያ ጨርስ፣ ፀሐዩ ሲጠነክር በቋጥኞቹ መሀል ባለው ስንጥቅ ውረድና ጥላ ጥላውን ተመለስ።" ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ከዚህ በታች ያለው የሳቸው መንገድ ነው፤ እኔ የጨመርኩት ስንቁንና የጫማውን ነገር ብቻ ነው።

ርዝመቱ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው። አጭር ይመስላል፤ ግን ከወንዙ እስከ ባስታይ ወደ 190 ሜትር ሽቅብ ነው፣ ቁልቁለቱም ደረጃ በደረጃ ነው። እየቆማችሁ፣ እያያችሁ፣ እየበላችሁ ከሄዳችሁ 4 ሰዓት ያዙለት። ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ካሉ 5።

1. ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

ጫማ። ሶሉ የሚይዝ ጫማ ይሁን። ነጭ ስኒከር የምትወዱ ልጆች፣ እናንተን ነው። የአሸዋ ድንጋይ ደረቅ ሲሆን እንደ ሞረድ ይይዛል፤ ሲረጥብ፣ በተለይ የድንጋይ ሽበት የለበሰው ደረጃ ላይ ቅጠል ሲያርፍበት፣ ሳሙና ነው።

የሕፃን ጋሪ አይሆንም። ልጁን ጀርባችሁ ላይ እዘሉት፤ እናቶቻችን ያሳደጉን በአንቀልባ አይደል!

ስንቅ። ቆሎ ከሁሉ ይበልጣል። አይበላሽም፣ አይቀልጥም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ባስታይ ላይ ምግብ ቤት አለ፣ ዋጋው ግን የቱሪስት ቦታ ዋጋ ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሄዳችሁ ደግሞ ጾመኛ ሰው ከድንች ጥብስ ሌላ ብዙ ምርጫ አያገኝም። ውሃ በሰው አንድ ሊትር ተኩል ያዙ።

ሳንቲም። ለጀልባው፣ ለሽንት ቤቱ፣ ለምሽጉ መግቢያ ጥቂት ጥቂት ዩሮ ያስፈልጋል፤ ካርድ የማይቀበል ደግሞ አይጠፋም።

ካርታውን ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱ። ስንጥቁ ውስጥ ኔትወርክ እንዳሰባችሁት አይሆንም።

የአየር ሁኔታውን እዩ፤ ከዝናቡ በላይ ንፋሱን። ከ2018 ጀምሮ የመጡት ደረቅና ሞቃት በጋዎች ጥዱን አዳክመውት ቅርፊት በሊታ ጥንዚዛ ጨረሰው። በየዳገቱ ቆመው የምታዩአቸው ግራጫ ግንዶች የሞቱ ናቸው። ንፋስ ሲነሳ ይወድቃሉ። ኃይለኛ ንፋስ ያለ ቀን እቤት ቡና አፍሉ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ ከመነሳታችሁ በፊት የብሔራዊ ፓርኩን ድረ ገጽ አንዴ ተመልከቱ።

2. ባቡሩ

ሰዓት የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው። የባቡሩ ሰሌዳ በነሱ ነውና ስድስት ጨምሩበት። ቀልድ አይደለም፤ "በ3 ሰዓት ጣቢያ እንገናኝ" ብዬው ከቀትር በኋላ በነሱ 3 ሰዓት ላይ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የመጣ ጓደኛ አለኝ።

ከድሬስደን ዋና ጣቢያ ኤስ 1 የሚባለውን፣ ወደ ባድ ሻንዳው ወይም ሾና የሚሄደውን ያዙ። ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው የወር ትኬት ያለው ሌላ አይከፍልም። ለሌለው እስከ 5 ሰው የሚይዝ የቡድን የቀን ትኬት አለ፤ ለእንግዳ ይሻላል። በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ፒርና ካለፈ በኋላ ወንዙና ቋጥኞቹ በዚያ በኩል ናቸው። መውረጃው "ኩርኦርት ራተን" ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ራተን ለመድረስ ሞክሩ። ግዴላችሁም እንቅልፉ ይቅር። ይሄን መንገድ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው ይሄ አንድ ነገር ነው፤ አውቶቡሶቹ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው የሚጎርፉት።

መኪና የግድ ከሆነ፣ ላይ ባስታይ ድረስ አትውጡ። እኔን አይታችኋል። ጣቢያው ባለበት በኩል አቁሙና እንደሌላው ሰው ተሻገሩ፤ ማዶ ያለው መንደር ለጎብኚ መኪና ዝግ ነው።

3. ጀልባው

ከጣቢያው ወደ ወንዙ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቁልቁል ነው። እዚህ ያለው ጀልባ ሞተር ሳያስነሳ ነው የሚያሻግራችሁ። ከላይ በኩል ወንዙ ውስጥ በተተከለ ረጅም ገመድ ታስሯል፤ ነጂው ጀልባውን ትንሽ ሰያፍ ያደርገዋል፣ የወንዙ ግፊት ራሱ ወደ ማዶ ይወስደዋል። ሲመለስ ሰያፉን ይገለብጠዋል። ልጆች ካሉ አስረዷቸው፤ አባቴን ሳሻግራቸው ግን "ታዲያ ይሄ ሰውዬ የሚከፈለው ለምኑ ነው?" ብለውኛል።

ደርሶ መልስ ቁረጡ።

4. አቀበቱ

ከጀልባው ወርዳችሁ ወደ መንደሩ ስትገቡ "ባስታይ" የሚል ምልክት ወደ ግራ ይወስዳችኋል። መጀመሪያ ጥርጊያ መንገድ ነው፣ ከዚያ ደረጃ፣ ከዚያ ደግሞ ደረጃ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ እዚህ ይበልጣችኋል፤ እንጦጦ የለመደ ሳንባ ነዋ። እኛ በሊፍት የምንኖረው ነን ቁና ቁና የምንተነፍሰው።

በየመሀሉ በግራና በቀኝ ትንንሽ መመልከቻዎች አሉ። እግረ መንገድ ግቡባቸው። ሁሉም አጥር አላቸው፤ አጥሩን ተሻግሮ ፎቶ የሚነሳ ሰው ግን ሁሌም አይጠፋም። እናንተ አትሁኑ። የአሸዋ ድንጋይ ጠርዝ ከላይ ጠንካራ መስሎ ከሥሩ የተበላ ሊሆን ይችላል። ራሱ የባስታይ መመልከቻ በ2016 የተዘጋው ለምን ሆነና፤ ድንጋዩ እየተሸረሸረ ስላስቸገረ ነው። በ2023 የከፈቱት አዲሱ መቆሚያ ጫፉ ድንጋዩን ሳይነካ አየር ላይ ተንሳፍፎ የወጣ ነው።

5. ምሽጉ፣ አትለፉት

ድልድዩ ጋ ከመድረሳችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ የኖይራተን ምሽግ መግቢያ አለ። ብዙ ሰው ድልድዩን አይቶ ስለሚቸኩል ዘሎት ያልፋል። እኔም ዘልዬው ነበር።

ምሽግ ሲባል ግን ጎንደር ፋሲል ግቢን ካሰባችሁ ታዝናላችሁ። የቆመ ግንብ የለም። የመካከለኛው ዘመን ምሽግ ነው፣ ኋላ ጠፋ። አብዛኛው የተሠራው ከእንጨት ስለነበር የቀረው ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው ብቻ ነው። ደስ የሚለውም እሱ ነው። ቋጥኙ ላይ በረድፍ የተቦረቦሩ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ታያላችሁ፤ የወለሉና የግድግዳው ምሰሶ ይገባባቸው የነበሩ ናቸው። እነሱን እየተከተላችሁ "እዚህ ክፍል ነበር፣ እዚህ ደረጃ ነበር" እያላችሁ ቤቱን በሐሳባችሁ መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ። የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙበት የነበረ ጉድጓድም አለ። ከበባ ሲመጣ ጠላት ሳይሆን ጥም ነው ቀድሞ የሚገድለው፣ ስለዚህ የምሽጉ ልብ እሱ ነው። ከመወርወሪያ መሣሪያ የተተኮሱ ድቡልቡል የድንጋይ ኳሶችም ተሰብስበው ተቀምጠዋል። አንዱን ኳስ አይታችሁ ይሄ ከሰማይ ሲመጣ አስቡት።

ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ የምትሻገሩት በብረት መተላለፊያ ነው፣ ከሥራችሁ ገደል ነው። ከፍታ የሚፈራ ሰው ካለ ውጭ ይጠብቅ፣ ቆሎውን ይያዝ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል።

6. ድልድዩና ባስታይ

በ2 ሰዓት ራተን ከደረሳችሁ እዚህ የምትሆኑት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰው ጥቂት ነው። ጭጋግ ካለ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ወንዙ አይታይም፣ ቋጥኞቹ ከነጭ ጥጥ ውስጥ የወጡ ይመስላሉ።

መጀመሪያ በ1826 የእንጨት ድልድይ ነበረ። ጎብኚ ሲበዛ በ1851 በድንጋይ ተኩት፤ 76 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ 7 ቅስቶች፣ ከሥሩ 40 ሜትር የሚጠልቅ ገደል። ልብ በሉ፣ ይሄ ድልድይ ከተማ ከከተማ አያገናኝም፣ ጋሪም አልሄደበትም። ገና ከመጀመሪያው ለሽርሽር የተሠራ ነው።

ድልድዩ ላይ ሄርማን ክሮነ የሚባል ሰው ስም ያለበት ጽሑፍ ፈልጉ። በ1853 እዚህ መጥቶ በጀርመን የመጀመሪያዎቹ የሚባሉትን የመልክዓ ምድር ፎቶዎች ያነሳ ነው። ያኔ ካሜራ ማለት በሸክም የሚመጣ ዕቃ ነበረ፤ ሳጥኑ፣ መስታወቱ፣ ኬሚካሉ። ስልክ አውጥቶ ሃያ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ትንሽ ያሳፍራል።

ድልድዩን ተሻግራችሁ ዋናው መመልከቻ ላይ ስትቆሙ ኤልበ ከ194 ሜትር በታች ይታጠፋል። ከሩቅ እንደ ጠረጴዛ የተቆረጠው ተራራ ሊሊየንሽታይን ነው፣ 415 ሜትር። ከሱ ራቅ ብሎ የኬኒግሽታይን ምሽግ ይታያል። አክስቴ እዚህ ቆመው ነጠላቸውን አጣፉና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ለዚህ ነው ያለ ቡና የቀሰቀሳችሁኝ?" አሉ። "አዎ አክስቴ" ስላቸው "እሺ፣ ይቅር ብያለሁ" አሉኝ።

ያንን ሁሉም ሰው የሚለጥፈውን የድልድዩን ፎቶ ከድልድዩ ላይ ሆናችሁ አታገኙትም። "ፌርዲናንድሽታይን" የሚለውን ምልክት ተከተሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ ድልድዩ ከነቅስቶቹ ፊት ለፊት ይታያል። አጠገቡ ካሉት ቋጥኞች በአንደኛው ጫፍ ላይ ትንሽ የብረት መነኩሴ ቆሟል፤ የንፋስ አቅጣጫ ያሳያል። ድሮን ክልክል ነው፣ ይዛችሁ አትድከሙ።

ቋጥኝ የሚወጡ ሰዎች ካያችሁ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። እዚህ ለመውጣት የራሳቸው ጥብቅ ሕግ አላቸው፤ እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀቡት ነጭ ዱቄት ክልክል ነው፣ ስንጥቅ ውስጥ የሚወተፈው የገመድ ቋጠሮ እንጂ ብረት አይደለም፣ ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ ጭራሽ አይነኩትም። ይሄ የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ አቅሙ ይወርዳል። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከባሕር ሥር የተደራረበ አሸዋ ነውና፣ በጥፍር ሲፋቅ እንኳ ይረግፋል። ስማችሁን ለመጻፍ የሚያምራችሁ ካላችሁ እባካችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።

7. ስንጥቁ፦ ሽቬደንሎኸር

ጋሼ "በሩን ነው ያየኸው" ያሉኝ ለዚህ ነው። ባስታይ ላይ ካለው ሆቴል ወጣ ብላችሁ ምልክቱን ስትከተሉ ሰዉ በአንዴ ይቀንሳል። ከዚያ መንገዱ ወደ ታች ይጠፋል።

ወደ 700 ደረጃ ነው። በግራና በቀኝ ያለው ድንጋይ አንዳንድ ቦታ ሁለት እጃችሁን ብትዘረጉ የሚነካ ይመስላል። ላይ ሰማዩ ቀጭን ክር ነው። ድንጋዩ ሽበትና ፈርን ለብሷል፣ ውሃ ይንጠባጠባል፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ሹራብ ያስፈልጋል። ድምፃችሁ ይለወጣል። ልጆች መጮህ ይጀምራሉ፤ ተዉአቸው፣ ግን ትንሽ ብቻ።

ስሙ "የስዊድኖች ጉድጓዶች" እንደማለት ነው። ስዊድኖች ግን አልኖሩበትም፣ እንዲያውም የተገላቢጦሹ ነው። በሠላሳው ዓመት ጦርነት፣ በ1639፣ የስዊድን ወታደሮች ራተቫልደ የሚባለውን መንደር ሲያጠፉ ገበሬዎቹ ያላቸውን ይዘው እዚህ ገብተው ተደበቁ። ያኔ ደረጃ የለም፣ መንገድ የለም፣ ወታደር በፈረስ አይገባ። ደረጃው የተሠራው ከ1886 እስከ 1888 ነው። ያኔ በጨለማ፣ ልጅ አዝለው፣ ከብት ካላቸው ከብት እየጎተቱ እንዴት ገቡ? መሀል ላይ አንድ ቦታ ቁጭ ብላችሁ ውሃ ስትጠጡ አስቡት። ጦርነት ሸሽቶ ዋሻ የገባ ሰው ታሪክ ለኛ ሩቅ አይደለም፣ አክስቴ እዚህ ላይ ነው ብዙ የጠየቁኝ።

አወራረዱን በተመለከተ፦ ወደ ጎን ዞር ብላችሁ፣ መወጣጫውን ብረት ይዛችሁ፣ ቀስ። ጉልበት የሚያመው ሰው ካለ ዱላ ያስፈልገዋል። ጉልበቱ በጣም የባሰበት ካለ ዙሩን ገልብጡት፤ በዚህ ውጡና በባስታይ በኩል ውረዱ። የባሰ ይደክማል ግን ለጉልበት ይቀላል። እንዲህ ካደረጋችሁ ድልድዩ ላይ የምትደርሱት ግርግሩ ሲጀምር ነውና ሁለቱንም አታገኙም። በክረምት በረዶ ሲጋገር አይሞከርም።

8. ሸለቆው

ደረጃው ሲያልቅ ጅረት ያለበት ሸለቆ ላይ ትወድቃላችሁ። ወደ ግራ፣ ጅረቱን ሽቅብ ብትሄዱ አምዘልፋል የሚባል ትንሽ ፏፏቴ አለ፣ ሩቅ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ጢስ ዓባይን ላየ ሰው ቧንቧ ነው።  የደከመው ይለፈው።

መንገዳችሁ ወደ ቀኝ ነው። ወዲያው አምዘልዜ ሐይቅ ይመጣል። በ1934 ጅረቱን ገድበው የሠሩት ነው፣ ረጅምና ቀጭን። የሚከራይ የቀዘፋ ጀልባ አለ፤ ልጆች ካላችሁ ሳትቀዝፉ አትለቀቁም። ቀና ስትሉ ደግሞ የባቡር ራስ የሚመስል ቋጥኝ ታያላችሁ፣ "ሎኮሞቲቭ" ነው የሚሉት፤ እስቲ ሳይነገራቸው ልጆቹ ያግኙት። ምሳ እዚህ ነው የምንበላው። እሳት አይነድም፣ ሲጋራም አይጨስም። በ2022 ሐምሌ ውስጥ ከቼክ በኩል የተነሳው ቃጠሎ ወደዚህኛው ጫካ ተሻግሮ ነበርና በዚህ ነገር አይቀልዱም።

ከሐይቁ በታች በቀኝ በኩል ክፍት ቲያትር አለ፣ በ1936 የተሠራ። መጋረጃው ቋጥኙ ነው። በበጋ ትርዒት ካለ ከውጭ ድምፁን ትሰማላችሁ። ከዚያ መንደሩ፣ አይስክሬም፣ ወንዙ።

9. መመለስ

ጀልባው ወንዙ ከመጠን በላይ ሲሞላ ወይም ሲጎድል የሚያቆምበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጠዋት ስትሻገሩ ማታ እስከ ስንት እንደሚሠራ ጠይቁ። አንድ ነገር ከተፈጠረ 112 ነው፣ የት እንዳላችሁ ለመናገር ያለፋችሁትን የመጨረሻ ምልክት ስም ያዙ።

ድሬስደን ስትገቡ እንግዳችሁ ካልደከመ ፍራውንኪርኸ ጋ አሳልፏቸው። በ1945 ፈርሳ በ2005 ተሠርታ ያለቀችው ቤተ ክርስቲያን ናት፣ የተሠራችውም ከዚሁ ከኤልበ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ጥቁር ጥቁር የሚሉት ድንጋዮች ከፍርስራሹ የተለቀሙት የድሮዎቹ ናቸው፤ ይሄ ድንጋይ ከዕድሜ ጋር ይጠቁራል። ጠዋት የነካችሁትን ድንጋይ ማታ ግድግዳ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ጫማችሁን ግን ደጅ አራግፉ። ያ አሸዋ ምንጣፍ ውስጥ ከገባ አይወጣም።